ዕድሜ የጠገበ ጉቶ፦ ከምድጃ ወደ ገበቴ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ-ረሕማኒ-ረሒም። ምስጋና ሁሉ አዝርዕትንና ዛፎችን ከምድር ላበቀለው አላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይስፈን።  

የዛሬው ንግግራችን መነሻ ከአዊ ዞን፣ ከጥርባ አካባቢ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ወንድማችን እንደገለጹልን አባታቸው (አላህ ይዘንላቸው) በግቢያቸው ዳር ያሳደጉት የወይራ አጥር አለ። እናታቸው ለወተት ዕቃ ማጠኛ በየጊዜው ከዚሁ አጥር ይቆርጡ ነበር። ፍየሎችም ለጋ ቅጠሉን ሲቀነጥሱት ኖረዋል። ስለዚህ ቁመቱ ከሰው ወገብ አላለፈም፤ ግንዱ ግን የጎልማሳ ባት ያህላል። አሁን ግቢው ለወንድማማቾች ሊከፈል፣ በመካከሉም የብሎኬት አጥር ሊቆም ነው። ጉቶዎቹ ተነቅለው ለማገዶ እንዲሆኑ ተወስኗል። ወንድማችን የሚጠይቁት እንዲህ ነው፦ አባታችን ያሳደጉት ነገር ሁሉ በአንድ ቀን አመድ ከሚሆን፣ ጃፓኖች በሳህን ላይ የሚያሳድጉትን ዓይነት ትንሽ ዛፍ ከዚህ ማውጣት አይቻልም ወይ?

መልሳችን፣ ይቻላል የሚል ነው። ይህን የምንለው ግን ከአንድ ማሳሰቢያ ጋር ነው። ከምድጃ የተረፈ ጉቶ ከጥቂት ወራት በኋላ በባለቤቱ እጅ፣ ያውም በብዙ እንክብካቤ መካከል ሲሞት ይታያል። ስለዚህ ጉቶው በሕይወት እንዲቆይ ምን ማድረግ እንዳለብን፣ ይበልጡንም ምን ማድረግ እንደሌለብን በዝርዝር እንመለከታለን፤ ኢንሻአላህ።

የገበቴ ተክል

«ቦንሳይ» የጃፓን ቃል ነው። «ቦን» ዝርግ ዕቃ፣ «ሳይ» ደግሞ መትከል ወይም ተክል ማለት ነው። በእኛ አነጋገር «የገበቴ ተክል» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ጥበቡ መጀመሪያ የታየው በቻይና ነው። እ.ኤ.አ. በ706 በተሠራው በታንግ ሥርወ መንግሥት ልዑል በሊ ሺየን መቃብር ግድግዳ ላይ፣ አገልጋዮች በዝርግ ዕቃ የተተከሉ ትናንሽ ተክሎችን ይዘው ሲሄዱ የሚያሳይ ሥዕል ይገኛል። ጃፓኖች ጥበቡን ተቀብለው በራሳቸው መንገድ አሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮን ካወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ደግሞ የከተማዋ ቦንሳይ አሳዳጊዎች ወደ ኦሚያ ሄደው በ1925 የቦንሳይ መንደር መሠረቱ።

ቦንሳይ የተለየ ዘር ያለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዘሩ ግን ያው የተራው ዛፍ ዘር ነው። ወደ መሬት ቢመለስ ትልቅ ዛፍ ይሆናል። ትንሽ ሆኖ የሚቆየው ቅርንጫፉና ሥሩ በየጊዜው ስለሚከረከም ነው። «ዛፉን በረሃብ ማሠቃየት አይሆንም ወይ?» ለሚሉ ወገኖችም መልሱ ከዚሁ ይወጣል። በአግባቡ የተያዘ ቦንሳይ በየቀኑ ይጎበኛል፣ ውሃና ምግብ ያገኛል፣ አዲስ ቅጠል ያወጣል። የተራበ ዛፍ ግን ይደርቃል እንጂ ቦንሳይ አይሆንም።

ፍየሏና እናታችን የሠሩት ሥራ

አሳዳጊዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉት ከታች የወፈረ፣ ወደ ላይ እየሳሳ የሚሄድ፣ የተጣመመና ያረጀ ግንድ ነው። ይህን ከዘር ለማግኘት አሥርና ሃያ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ጃፓኖች በነፋስና በበረዶ ብዛት ሳያድጉ ያረጁ ዛፎችን ከተራራ ቆፍረው ሲያመጡ ኖረዋል፤ «ያማዶሪ» ይሏቸዋል። በእኛ አገር የነፋሱንና የበረዶውን ሥራ የሚሠሩት ፍየልና መጥረቢያ ናቸው። በየዓመቱ ጫፉ ሲበላና ሲቆረጥ የኖረ ቁጥቋጦ ወደ ላይ መሄድ ሲያቅተው ጉልበቱን ወደ ግንዱና ወደ ሥሩ ይመልሳል። እንግዲህ የጥርባው ወይራ የቦንሳዩን ግማሽ ሥራ አስቀድሞ ጨርሷል ማለት ነው። እናትየው ለማጠኛ የቆረጡት እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በዚያ ግንድ ላይ ተጽፏል።

ወይራ ለዚህ ሥራ መመረጡም እንዲያው አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ለቦንሳይ ከሚውሉት የአገሬው ዛፎች መካከል በጣም ከሚወደዱት አንዱ ይኸው የእኛው ወይራ ነው። ሥሩ ሲቆረጥ ይታገሣል፣ ከደረቀ ከሚመስል ጉቶ ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉም በክርከማ ብዛት እያነሰ ይሄዳል። ወይራ ከዘይቱን ጋር የአንድ ዝርያ ሁለት ንዑሳን ናቸው። አላህ በሱረቱ-ቲን መጀመሪያ በበለስና በዘይቱን መማሉን አድማጮቻችን ታውቃላችሁ። የበለስ ዘመዶች የሆኑት ሾላና ጭብሃም ለገበቴ ተክል ይስማማሉ። ከአጥር ቁጥቋጦዎች አጋምና ኮሽም፣ ከጌጥ ተክሎች ደግሞ ያረጀ ቡገንቪላ መልካም ናቸው። እንደ ዋንዛና ኮሶ ያሉት ግን ቅጠላቸው ትልቅ ስለሆነ በትንሽ ዕቃ አያምርባቸውም። ጽድን በተመለከተ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጽድ አረንጓዴው በሙሉ ከተቆረጠ ከባዶው እንጨት ተመልሶ አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ እንደ ወይራ እስከ ጉቶው ማሳጠር መግደል ነው።

ከመቆፈር በፊት፦ ሐቅ

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ዛፉ የማን ነው የሚለው ነው። ይህን ንግግር ሰምቶ ዶማ ይዞ ወደ ጫካ የሚሄድ ሰው እንዳይኖር አደራ እንላለን። ከደን፣ ከመቃብር ስፍራ፣ ከወቅፍ መሬት ወይም ከጎረቤት ድንበር ያለ ፈቃድ መቆፈር የሌላውን ሐቅ መንካት ነው። በየተራራው የቀሩት ጥቂት ወይራዎች ለአፈሩም፣ ለንቡም፣ ለወፉም ያስፈልጋሉ። እኛ የምንናገረው ስለማይቀርለት ዛፍ ነው፤ ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲሰፋ፣ አጥር ሲቀየር መነቀሉ ስለተቆረጠ። ጉቶው በወንድማማቾች የጋራ ድንበር ላይ ከሆነም ሁሉም ተነጋግረውና ተስማምተው ይሁን።

የአነቃቀሉ ሥርዓት

ጉቶው በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ልጡን በጥፍር ጫር ማድረግ ነው። ከሥሩ አረንጓዴ እርጥበት ከታየ ሕያው ነው።

በአዊ ደጋ የሚሻለው ወቅት የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ካራሰው በኋላ፣ ከባዱ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሳይመጣ ነው፤ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ሥር በቶሎ አያበቅልም። የአጥሩ ግንባታ አንድ ዓመት መቆየት የሚችል ከሆነ ደግሞ የተሻለ መላ አለ። ዘንድሮ የጉቶውን ዙሪያ ግማሹን ብቻ ቆፍሮ ወፍራም ሥሮቹን መቁረጥና አፈሩን መመለስ፤ በከርሞው ሌላውን ግማሽ ቆፍሮ ማውጣት። በመካከሉ ባለው ጊዜ ጉቶው ከቅርቡ ቀጫጭን ሥሮችን ያበጃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ግንዱ ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀርቶ በመጋዝ ይቆረጣል። ጫፉ ትንሽ ወደ ታች ሊደርቅ ስለሚችል ከሚፈለገው ቁመት ጥቂት አስረዝሞ መተው ብልህነት ነው። ቀጥሎ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ዙሪያውን መቆፈር። ወፍራሙ ሥር በዶማ ከተፈነከተ ስለሚበሰብስ በመጋዝ ይቆረጥ፤ ቁስሉም በስለት ይስተካከል። ቀጫጭኑ ሥር ውሃ የሚጠጣው እሱ ነውና በተቻለ መጠን ይትረፍ። ጉቶው እንደወጣ በራሰ ጆንያ መጠቅለል አለበት። ቀጭን ሥር በፀሐይና በነፋስ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ ስለዚህ ጉቶውን ሜዳ ላይ ጥሎ ሳጥን ፍለጋ መሄድ አይገባም። ሳጥኑና አፈሩ ከቁፋሮው በፊት ተዘጋጅተው ይጠብቁ። በግንዱ ላይ ያለው ትልቅ ቁስል ደግሞ በጥቂት ቅባት በለዘበ ሰም ቢሸፈን ቶሎ አይደርቅም።

ሳጥኑና አፈሩ

በመጽሔት ላይ የምናየው የሚያምር ዝርግ ሸክላ ገና ነው። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያስፈልገው ተራ የጣውላ ሳጥን ሲሆን፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ስፋቱም ከሥሩ በየአቅጣጫው በጥቂት ጣቶች የሚበልጥ ይሁን። ከታች ብዙ ቀዳዳ ይኑረው፤ በድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

የአፈሩ ጉዳይ በአዊ ምድር ይበልጥ ይከብዳል። ዝናቡ ብዙ ነው፤ የአትክልት ቦታው አፈር በሳጥን ውስጥ ሲሆን ይጠቀጠቅና ውሃ ያቁራል። ወይራ ጥማትን ይችላል፤ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ግን ሥሩ ይበሰብሳል። በዓለም ያሉ የቦንሳይ አሳዳጊዎች የእሳተ ገሞራ ጠጠር በውድ ዋጋ ይገዛሉ። ጥርባና ዘንገና ሐይቆች ራሳቸው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ናቸው፤ እንዲህ ባለ አገር ለመንገድ ሥራ የሚወጣ ቀዳዳ ቀዳዳና ቀላል ቀይ ገረጋንቲ መፈለግ ከባድ አይሆንም። ይህን በወንፊት ነፍቶ ትቢያውን መጣል፣ የአተርና የባቄላ ፍሬ የሚያህለውን ጠጠር ማስቀረት ነው። የዚህን 2 እጅ በደንብ ከበሰበሰ ቅጠል አፈር 1 እጅ ጋር መቀላቀል ይበቃል። ትኩስ ፍግ የቆሰለ ሥር ያቃጥላልና አይጨመር።

ጉቶው ሳጥኑ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ በሽቦ ከሳጥኑ ጋር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር። ነፋስ በነቀነቀው ቁጥር እንደ ጸጉር የቀጠነው አዲስ ሥር ይበጠሳልና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሥሮቹ መካከል ባዶ ቦታ እንዳይቀር አፈሩን በቀርከሃ ስንጥር እየወጉ ማስገባት፣ በመጨረሻም ከታች የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ማጠጣት።

አንድ ዓመት እጅን መሰብሰብ

ውድ አድማጮቻችን፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑ ከነፋስና ከቀትር ፀሐይ በተጠለለ፣ ነገር ግን ብርሃን ባለበት ቦታ ይቀመጣል። ከባዱ ዝናብ በቀጥታ እንዳይወርድበት ከላይ ላስቲክ ይወጠርለታል። ውሃ የሚጠጣው በፕሮግራም ብዛት አይደለም፤ ጣትን ወደ አፈሩ አስገብቶ ላይኛው ሲደርቅ ብቻ ነው። ለፈጅር የተነሳ ሰው በመንገዱ ጣቱን ማስገባት አያቅተውም። ሳሙና ያልገባበት የውዱእ ውሃም ተጠራቅሞ ለዚህ ሊውል ይችላል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጉቶው ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ መታየት ይጀምራል። ቤተሰቡ ሁሉ «ጸደቀ! ጸደቀ!» ይላል። ብዙ ጉቶ የሚሞተው ግን ከዚህ ቀን በኋላ ነው። ያ የመጀመሪያው ቅጠል የሚወጣው ግንዱ ቀድሞ ባጠራቀመው ስንቅ ነው፤ ሥር ስለመኖሩ ምስክር አይሆንም። ባለቤቱ ግን ተደስቶ ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ወደ ፀሐይ ያወጣል፣ ቅርጽ ላስይዝ ብሎ ይቆርጣል፤ አንዳንዱም ሥር መያዙን ለማየት ይነቀንቀዋል። ስንቁ ሲያልቅ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የተጠማ መስሎት ውሃ ያበዛበታል። ጉቶው በዚህ ሁሉ ደግነት መካከል ይሞታል።

ትክክለኛው ምልክት አዲሱ ቀንበጥ ስንዝር ያህል ረዝሞ ማደጉን ሲቀጥልና ቅጠሉ ሲጠነክር ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ ማቅረብ፣ በደንብ በበሰበሰና በውሃ በቀጠነ ፍግ መመገብ ይቻላል። ክርከማው ግን ዓመቱ እስኪሞላ ይቆይ። የበቀለው ቅጠል ሁሉ ለሥሩ ምግብ የሚያበስል ወጥ ቤት ነው። በብርዱ ወራት ሌሊት ሌሊት ግድግዳ ተጠግቶ ይደር።

ገንዘብ ያለው ሰው ያማረ ዕቃ ሊገዛ፣ ባለሙያ ሊቀጥር ይችላል። በዚህ አንድ ዓመት ግን ሀብታሙም ድሀውም እኩል ናቸው፤ ከሁለቱም የሚጠየቀው ሰብር ብቻ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ቅርጽ መስጠት

በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መመልከት ነው። ሳጥኑን እያዞሩ የግንዱ ውፍረትና የሥሩ አረጋገጥ የሚያምርበትን ወገን «ፊት» አድርጎ መምረጥ። ከዚያ ከበቀሉት ቀንበጦች መካከል ለቅርንጫፍ የሚሆኑትን አራት ወይም አምስት አስቀርቶ ሌላውን መቁረጥ። ከእግሩ ሥር የሚያቆጠቁጠው ጉልበት ስለሚሻማ ይወገድ። ወይራ ከጠነከረ በኋላ ሲታጠፍ ስለሚሰበር ቀንበጡ ለጋ ሳለ ሽቦ ይጠመጠምበታል። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲኩን በስለት ገፍፎ የሚገኘው መዳብ፣ በፍም ላይ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላ ይለሰልሳል። ውፍረቱ ከቀንበጡ አንድ ሦስተኛ ያህል ይበቃል። ቀንበጡ ሲወፍር ሽቦው ልጡን እንዳይበላው በየሁለት ሳምንቱ ይታይ፤ መጥበቅ ሲጀምር ተቆራርጦ ይነሳ።

የጃፓንን ጥድ መኮረጅ ግዴታ አይደለም። ደቡብ አፍሪካውያን የራሳቸውን ጠፍጣፋ አናት ያለው ግራርና የዱር ሾላ መልክ ምሳሌ አድርገው የራሳቸውን ቅርጽ አውጥተዋል። እኛም ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው የሚያስታርቁበት ዋርካ፣ እረኛ የሚጠለልበት ግራር አለን። ልጆቻችን ሲያዩት «ይህ የእኛ አገር ዛፍ ነው» የሚሉት መልክ ቢኖረው ይመረጣል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ሥሩ ሳጥኑን ሲሞላ ወደ ቋሚ ዕቃ ይዛወራል። ሸክላ ሠሪዋ ዘንድ ሄዶ ሰፊና ዝርግ፣ ከመተኮሱ በፊት ከታች የተበሳ ዕቃ ማዘዝ ነው። ከዚያ ወዲያ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ እየወጣ ከሥሩ ሲሶ ያህሉ ይከረከማል፤ አፈሩም ይታደሳል።

ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ

እንዲህ የተያዘ ዛፍ ምን ያህል ይቆያል? በአሜሪካ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የዛፎች አትክልት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ በዕቃ ሲያድግ የኖረ ነጭ ጥድ አለ። ይህ ዛፍ ነሐሴ 6 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. በሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ከፍንዳታው ስፍራ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያማኪ በሚባል ቤተሰብ ግቢ ከአጥር ግድግዳ ጀርባ ነበር፤ ከነባለቤቶቹም ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ለአሜሪካ 53 ቦንሳዮችን በስጦታ ስትሰጥ ማሳሩ ያማኪ ይህንኑ ዛፍ ሰጡ። ዛፉ ከሂሮሺማ የተረፈ መሆኑ በአትክልቱ ዘንድ በሰፊው የታወቀው በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሊጎበኙት በመጡ ጊዜ ነው። ቦምብ በጣለው አገር የሚኖሩ እጆች ዛሬም በየቀኑ ውሃ ያጠጡታል።

ዛፉ ይህን ያህል የቆየው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በዕቃ ያለ ዛፍ ለጥቂት ቀናት ቢረሳ ይደርቃል። ከ1625 ወዲህ ባለው ጊዜ ሁሉ በእያንዳንዱ ትውልድ አንድ ሰው ዛሬ ውሃ አላጣም ብሎ ጎብኝቶታል ማለት ነው። ውርስ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን መሬትና ቤት ነው፤ መሬቱ ሲከፈል ደግሞ ፍቅርም አብሮ ሊከፈል ይችላል። እንዲህ ያለው ዛፍ ግን የሚወርሰውን ሰው በየቀኑ ያሠራዋል፤ አደራነቱም እዚህ ላይ ነው። በኪራይ ቤት የሚኖር ወንድም እንኳ ቤት ሲቀይር አቅፎት ይሄዳል።

ለጥርባው ወንድማችን ያለን ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ሁሉንም ጉቶ በሳጥን ለማዳን አትሞክሩ። የተነቀለ ሁሉ አይጸድቅምና ለየወንድሙ ሁለት ሁለት ምረጡ። የቀሩትን ከነአፈራቸው አውጥታችሁ በአዲሱ አጥር ጥግ፣ ወይም አስፈቅዳችሁ በትምህርት ቤት ወይም በመስጂድ ግቢ መሬት ላይ መልሳችሁ ትከሉ። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም ወፍም ቢበላ ምጽዋት ሆኖ እንደሚቆጠርለት ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተምረናል። እናታችሁም በሕይወት ካሉ ለማጠኛ የሚሆን ቅርንጫፍ ከመሬት ከተተከለው እንዲያገኙ አድርጉ፤ ከሳጥኑ ላይ ግን እስከ ከርሞ ማንም አይቁረጥ። ሳጥኑን ከወዲሁ አዘጋጁ፤ ግንቦት ሲያልቅ ዶማችሁን አንሱ።

አላህ የወላጆቻችንን በጎ ሥራ ይቀበልልን፣ በወንድማማቾች መካከል መተዛዘንን ያጽና። ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህን ይመስላል። በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።